በሰባት ቀለም የተቀባው ቤት

ሳን ፍራንሲስኮ፣ ማርች 7 ቀን 1976

ለማከብርዎት አማቴ ለእማማ ዘልፊያ ባቲስት፤

ይህች ወረቀት እጅዎ ስትገባ በሙሉ ጤና ታግኝዎ። ጉልበትዎን እንዴት አደረገዎት? የዘንድሮው ጎርፍ ደጃፍዎ ሳይደርስ መመለሱን ሰምቼ እግዚአብሔርን አመስግኛለሁ። ጎረቤትዎን እትዬ ኤውላሊን ሰላም ይበሉልኝ።

እኔ ደህና ነኝ። ሮስኮም ደህና ነው። የመርከብ ማደሻው ከተዘጋ ወዲህ ቋሚ ሥራ ባያገኝም ልጅዎ በጤናው ምንም አልሆነም።

ከእንግዲህ ሲጽፉልኝ ግን ወደ ድሮው ቤት አይላኩ። ፖስታው ጀርባ ላይ ባለው አድራሻ፣ በክላይን ቀለም መደብር በኩል ይላኩልኝ። አድራሻውን ለማንም እንዳይሰጡ እለምንዎታለሁ። ለቤተሰብም ቢሆን።

አዲስ ነገር ቢኖር ሥራ መቀየሬ ነው። የልብስ እጥበቱን ትቼ ቀለም ቀቢ ሆኛለሁ። ይሳቁ፤ እኔም ስቄ ነበር። እዚህ ከተማ ጣራቸው የሾለ፣ መስኮታቸው ሆድ አውጥቶ ወደ መንገድ የተንጠለጠለ፣ የመቶ ዓመት ዕድሜ ያላቸው የእንጨት ቤቶች መኖራቸውን በላክሁልዎ ፖስት ካርድ ላይ አይተዋል። በጦርነቱ ጊዜ ከመርከብ የተረፈው ግራጫ ቀለም ርካሽ ነበርና ሁሉም ግራጫ ተለቅልቀው ሠላሳ ዓመት ኖሩ። አሁን ሰው ግራጫው ሰልችቶታል። አንዱን ቤት በአራት፣ በአምስት ቀለም ቅቡልን ይላሉ። እኛ አሮጌውን ቀለም በጋዝ እሳት እያለሰለስን እንፍቃለን፣ ስንጥቁን በስቱኮ እንደፍናለን፣ በብርጭቆ ወረቀት እናለሰልሳለን፣ ከዚያ የእንጨቱን ጌጥ አንድ በአንድ እንቀባለን። ከስድስት ንብርብር ግራጫ ሥር ጽጌረዳ የተቀረጸበት እንጨት ሲወጣ ቢያዩ፣ እማማ፣ ጸሎት ያምርዎታል።

አለቃዬ ዊኒፍሬድ ኦሺያ ትባላለች። ቁመቷ ከበር የሚበልጥ፣ ጸጉሯ ቀይ፣ አይሪሽ ናት። የመጀመሪያ ቀን መሰላሉን በሁለት እጄ አቅፌ አልለቅም ስል አይታ፣ «ሴትዮ፣ ከዚህ የባሰ የሚያስፈራ ነገር አይተሽ አታውቂም?» አለችኝ።

«አይቻለሁ» አልኳት።

ከዚያ ወዲህ ጠይቃኝ አታውቅም።

አክባሪ ልጅዎ፣ ኮሪንትያ

ፖይንት ኖር፣ ሉዊዚያና፣ ማርች 29 ቀን 1976

ለልጄ ሚስት ለኮሪንትያ፤

የጌታ ሰላም ከአንቺ ጋር ይሁን። እኔ ከጉልበቴ በቀር ደህና ነኝ። ጉልበቴም እንዳለ ነው፤ እሱ ከእኔ አይለይም።

ደብዳቤሽ ደረሰኝ። ስለ ሰው ቤት ቀለም ገጽ ሙሉ ጽፈሽ ስለ ልጄ የጻፍሽው ሁለት መስመር ነው። አሮጊት ብሆንም ማንበብ አልረሳሁም። ሚስት አድራሻዋን ስትለውጥ ባሏ አብሮ ካልተለወጠ ነገሩ ምን እንደሆነ ይገባኛል።

አንድ ነገር ልንገርሽ። የሮስኮ አባት፣ ክሊዮፋስ፣ እጁ ከባድ ነበር። አንድ የሸንኮራ አጨዳ ሰሞን፣ ምሳ ዘገየ ብሎ በጀልባ መቅዘፊያ መትቶ ሁለት ጥርሴን አወለቀኝ። ጥርሶቼን ከመሬት ለቅሜ ኪሴ ከትቼ ወደ እርሻ ተመለስኩ፤ ማጨድ ነበረብኝ። ሮስኮ ያኔ የስድስት ዓመት ልጅ ነበር፤ ደፍ ላይ ቁጭ ብሎ ያይ ነበር። በኋላ ክሊዮፋስ አረጀ፤ እጁም አብሮት አረጀ። በመጨረሻዎቹ ዓመታት ሾርባ በማንኪያ ያጎረስኩት እኔ ነኝ።

ሥራ ያጣ ሰው ነው፣ ኮሪንትያ። ይህን አስቢለት። ወደ ቤትሽ ተመለሺ። ሁለታችሁ አብራችሁ ፎቶ ተነሡና ላኩልኝ፤ ሌላ ምንም አልፈልግም።

እናትሽ፣ ዘልፊያ

ሳን ፍራንሲስኮ፣ ሜይ 2 ቀን 1976

ለማከብርዎት እማማ ዘልፊያ፤

ጤናዎን እመኛለሁ። ፎቶውን አልልክም። የምልክልዎ ይህን ነው፤ ቁጭ ብለው ያንብቡት።

ባለፈው ኖቬምበር፣ አንድ እሑድ፣ ከቤተ ክርስቲያን ተመልሰን ከባሕር የሚወጣውን ሽሪምፕ በባሚያ ሠርቼ አቀረብኩ። ሮስኮ አንድ ጊዜ ቀመሰና፣ «ማን ነው ጨው የከለከለሽ?» አለኝ። ጨውን ላመጣ ተነሣሁ። ጸጉሬን ከኋላ ይዞ ፊቴን ከገበታው ጋር አጋጨው። አንዴ አይደለም፤ እስከ አራት ቆጥሬያለሁ። መንጋጋዬ ሲሰበር ድምፁን የሰማሁት በጆሮዬ ሳይሆን በጥርሴ ነው።

ሐኪሞቹ አፌን በሽቦ ሰፍተው ዘጉት። ስድስት ሳምንት ሾርባ በቀጭን ቱቦ ስስብ ከረምኩ። ያኔ አበባ ያመጣልኝ ነበር፤ እግሬ ሥር ተንበርክኮ ያለቅስ ነበር። ሽቦው የወጣልኝ ቀን ከሐኪም ቤት ይዞኝ መጣ፣ በሩን ዘጋና፣ «በይ፣ እንግዲህ መልስ መስጠት ትችያለሽ፤ ለዚያ ሐኪም ማን መታኝ ብለሽ ነገርሽው?» አለኝ። ከዚያ ጀመረ። ሽርጤን እንደታጠቅሁ፣ አንድ እግሬ ባዶውን፣ በኋላ በር ወጣሁ።

የእርስዎን ጥርስ ነገር ሳነብ አለቀስኩ። ግን እኔ ሮስኮ እስኪያረጅ አልጠብቅም።

አሁን ደግሞ ደስ የሚል ነገር ልጻፍልዎ፤ በዚህ ወረቀት ላይ እሱ ብቻ እንዲኖር አልፈልግም። እስካሁን ከሠራነው ሁሉ የሚበልጥ ቤት ይዘናል። ባለቤቱ ታዴዎስ ክሎስተርማን ይባላሉ፤ ጡረታ የወጡ የባቡር ነጂ ናቸው፤ ሚስት የላቸውም። ዊኒ፣ «ስንት ቀለም ይፈልጋሉ?» ስትላቸው፣ «ስንት አላችሁ?» አሉ። ቀለሞቹን እንድመርጥ ለኔ ሰጠችኝ! ግድግዳው የሰናፍጭ ቢጫ፣ የመስኮቱ መቃን ሐምራዊ፣ ዓምዶቹ የቅቤ ነጭ። ከላይ እንደ ዓሣ ቅርፊት የተደረደረው እንጨት አንዱ መስመር የበሬ ደም፣ አንዱ ጥቁር አረንጓዴ። ጣራው ሥር ፀሐይ ስትወጣ የሚያሳይ ቅርጽ አለ፤ ጨረሩን ወርቅ ቅጠል በሚባለው ስስ የወርቅ ንጣፍ እንለብጠዋለን። በሩ የሌሊት ሰማያዊ። ሰባት ቀለም፣ እማማ። ዳገቱ ጫፍ ላይ፣ አረንጓዴ የደወል ማማ ካለው ቤተ ክርስቲያን ፊት ለፊት ስለሆነ ከሩቅ ይታያል።

ጎረቤቶቹ ግማሹ ወዶታል፣ ግማሹ ከንቲባው ጋ ሊከስ ነው፤ ጸባቸው ጋዜጣ ላይ ሳይቀር ወጥቷል። አንዱ ከማዶ ሆኖ፣ «እናንተ! ሰርከሱ ስንት ሰዓት ይጀምራል?» ብሎ ጮኸ። ዊኒ ከሦስተኛ ፎቅ፣ «ቀልደኛው አሁን መጣ፤ ልንጀምር ነው!» አለችው። ከልቤ ከሳቅኩ ዓመት አልፎኝ ነበር። መንጋጋዬ ስስቅ አሁንም ያመኛል።

ኮሪንትያ

ፖይንት ኖር፣ ጁን 27 ቀን 1976

ለኮሪንትያ፤

ጌታ ይጠብቅሽ። ስለዘገየሁ አትቀየሚኝ። ደብዳቤሽን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ከዚያ ደግሞ ለመጻፍ የማይመች ሆነ።

ሮስኮ እዚህ ነው። ከመጣ ሦስት ሳምንቱ። ሻንጣ አልያዘም። ከነጭ ሰው ጋር ኮበለለች እያለ ለሁሉም ያወራል። ባለፈው ቅዳሜ ዳንስ ቤቱ ውስጥ የእኅቴ ልጅ፣ «ምናልባት አባረርካት ይሆናላ» ብሎ ቢቀልድበት ጠርሙስ ሰብሮ ፊቱን ቀደደው፤ ሃያ ሁለት ቦታ ተሰፍቷል። ቤተሰብ ስለሆነ አልከሰስንም። ውሻዬንም ገደላት። ስለ ጮኸችበት ነው፤ ሌላ ምክንያት የለውም። በመጥረቢያ እጀታ እየደጋገመ ሲመታት መስኮት ላይ ቆሜ አየሁ፤ ስሙን ጠርቼ ተው ማለት እንኳ አቃተኝ። ከዚያ ገብቶ እጁን ታጥቦ፣ «እናቴ፣ ምሳ ምንድን ነው?» አለኝ። ልክ እንደ አባቱ አጠያየቅ።

ከእንግዲህ በኤውላሊ ስም ጻፊልኝ። አድራሻሽ ያለባቸውን ፖስታዎች ምድጃ ውስጥ ጨምሬያለሁ። ወረቀቶቹን ግን አላቃጠልኩም፤ ማንም የማይደርስበት የሩዝ ቆርቆሮ ውስጥ ናቸው። አልፎ አልፎ ስለዚያ ቤት የጻፍሽውን አነበዋለሁ።

አንድ ነገር ልጠይቅሽ፤ አትቆጪ። በእውነት ይቅርታ ቢጠይቅሽ፣ እኔም አብሬው ብመጣ፣ ትቀበይዋለሽ? አንዳንድ ቀን ጠዋት ላይ ልጅነቱ ይመለስበታል። ዓሣ አጥምዶ ያመጣልኛል።

ዘልፊያ

ሳን ፍራንሲስኮ፣ ጁላይ 18 ቀን 1976

ለማከብርዎት እማማ፤

ጤናዎን አጥብቄ እመኛለሁ፤ ከምንጊዜውም በላይ አሁን።

አልቀበለውም። ከእርስዎ ጋር ቢመጣም አልቀበለውም። እርስዎ ብቻዎን ቢመጡ አልጋዬን ለቅቄ መሬት እተኛለሁ።

እባክዎ እትዬ ኤውላሊ ቤት ይክረሙ። የቀለም መደብሩን ስልክ ከታች ጽፌያለሁ፤ በጸሎት መጽሐፍዎ ላይ ይገልብጡትና ይህን ወረቀት ያቃጥሉት። ከቤት ከወጣ፣ ወዴት እንደሄደ ባያውቁ እንኳ፣ ያኔውኑ ይደውሉ። ሚስተር ክላይን ሁሉን ያውቃሉ። የትኛውም ሰዓት ይሁን።

ኮሪንትያ

ሳን ፍራንሲስኮ፣ ኦገስት 30 ቀን 1976

ለማከብርዎት እማማ ዘልፊያ፤

መጽናናቱን ይስጥዎ። ይህን ቃል የምጽፈው እኔ መሆኔ እንዴት እንደሚከብደኝ እግዚአብሔር ያውቃል። ፖሊሶቹ ቴሌግራም እንደላኩልዎ፣ አስከሬኑም በባቡር እንደተላከ ነግረውኛል። ከኔም መስማት ይገባዎታል።

ሐሙስ ኦገስት 19 ነበር። ከቀትር በኋላ። እኔ ሦስተኛው ርብራብ ላይ ሆኜ የዓሣ ቅርፊቱን የበሬ ደም ስቀባ ነበር። ዊኒ ወርቅ ቅጠል ልታመጣ ወደ ክላይን ወርዳለች። እዚያ እያለች የእርስዎ ስልክ ደረሰ። «መጥቶባታል፤ ቤቱን ያውቀዋል» ብለው ስልኩን ዘጉት አለችኝ። ዊኒ መኪናዋን እያበረረች መጣች።

እሱ ግን ቀድሟት ደርሷል። ከአውቶቡስ ጣቢያው ጀምሮ ሰው እየጠየቀ ነው የመጣው። «ያ በጋዜጣ የወጣው ቢጫና ሐምራዊ ቤት የት ነው?» ማለት ብቻ በቅቶታል፤ ሁሉም እየጠቆመ ሰደደው። የአባቱን የሸንኮራ ገጀራ በጋዜጣ ጠቅልሎ ይዟል። ሚስተር ክሎስተርማን በረንዳ ላይ ነበሩ። «ማንን ፈልገህ ነው?» ሲሉት በገጀራው ጀርባ ትከሻቸውን መታቸው፤ አጥንታቸው ተሰበረ። የቀለም ቆርቆሮዎቹን እየረገጠ ገለበጠ። እኔ ከላይ ሆኜ ነፋሱ ጆሮዬን ስለሞላው አልሰማሁም። ርብራቡ ሲንቀጠቀጥ ዊኒ የተመለሰች መስሎኝ፣ «ቀስ በይ፣ ቀለሜን ትደፊዋለሽ!» አልኩ። ዘወር አላልኩም።

ከመንገዱ ማዶ ዊኒ፣ «ኮሪ! ከኋላሽ! ከኋላሽ!» ብላ ጮኸች። ዘወር ስል ገጀራው እየወረደ ነበር። ለአንገቴ የታሰበው ግራ ክንዴ ላይ አረፈ። ያ ጩኸት ባይኖር አንገቴ ነበር፣ እማማ። ጩኸቱን የሰጡኝ እርስዎ ነዎት።

«ቀለም ትቀቢያለሽ ኣ? ለማን ልታምሪ ነው?» አለኝ። ደግሞ ሲያነሣው የቀለም ቆርቆሮውን ፊቱ ላይ ደፋሁበት። ዓይኑን ሲሸፍን ገጀራው ወደቀ። እኔም ሸሽቼ ወደ ላይኛው መሰላል ስወጣ ቁርጭምጭሚቴን ያዘና ወደ ታች ሳበኝ። ወገቤ ላይ የሰካሁትን የብረት መፋቂያ አውጥቼ እጁን መታሁት። ለቀቀኝ። እግሩ ቀለሙ ላይ ተንሸራተተ። ወደቀ።

ዊኒ ወደ ሰገነቱ መስኮት ልትወጣ በቤቱ ውስጥ ደረጃ እየሮጠች ስለነበር አላየችም። ስትደርስ ከታች ተጋድሞ ነበር። ሐኪሙ ክንዴን ከመስፋቱ በፊት የቱ ደም የቱ ቀለም እንደሆነ ለመለየት መላ ሰውነቴን በቀለም ማሟሟቻው፣ በአኳራጅ፣ ጠረገኝ። ፖሊሱ የነገርኩትን ጽፎ፣ «ራስሽን ነው የተከላከልሽው» ብሎ አሰናበተኝ።

ሕይወቴን አትርፈዋል። ይህን ውለታ አልረሳም።

ኮሪንትያ

ፖይንት ኖር፣ ሴፕቴምበር 20 ቀን 1976

ለኮሪንትያ፤

ይህን የምትጽፍልኝ ኤውላሊ ናት፤ እኔ እየነገርኳት። የቀኝ እጄ ሦስት ጣቶች ተሰብረዋል። ሮስኮ የሩዙን ቆርቆሮ ሲያገኝ ልቀማው ብዬ እጄን ብሰድ ክዳኑን በላዩ ላይ ረገጠው። ደብዳቤሽን ጮክ ብሎ አነበበ። «የሰናፍጭ ቢጫ» ሲል ይስቅ ነበር።

ልጄን ቀብሬዋለሁ። ሳጥኑን አትክፈቺው ብለውኝ ነበር፤ አስከፈትኩት። እኔ ነኝ የወለድኩት፣ እኔ አጥበዋለሁ አልኩ፤ በግራ እጄ አጠብኩት። ጥፍሮቹ ሥር ቀይ ቀለም ነበር፤ አልለቀቀም፤ ከነቀለሙ ቀበርኩት።

ቀኝ እጁን ሳጥብ የተቆረጠ ቁስል አየሁ። ሁለት ነው። አንደኛው የእጁ ጀርባ ላይ ነው፣ ሰንበር የመሰለ። ሁለተኛው አራቱንም ጣት ከመገጣጠሚያው ላይ ቀጥ አድርጎ የሄደ፣ እስከ አጥንት የገባ ነው። አንቺ የጻፍሽልኝ አንድ ምት ነው።

ለፖሊስ አይደለም የምጠይቅሽ። እናቱ ነኝ። ሁለተኛው የምንድን ነው?

ዘልፊያ

ሳን ፍራንሲስኮ፣ ኦክቶበር 10 ቀን 1976

እማማ፤

ስለ ጤናዎ ልጠይቅ አፍ የለኝም። ይህን ወረቀት ለራስዎ ብቻ ያንብቡት፤ እትዬ ኤውላሊም አይስሙት።

መጀመሪያ የመታሁት እግሬን ሲጎትት ነው። ያ እንደጻፍኩልዎ ነው። ለቀቀኝ፤ ተንሸራተተ። ግን ወዲያው አልወደቀም። በቀኝ እጁ የርብራቡን ጠርዝ ያዘ፤ ግራ እጁ አየር ይቀዝፋል። ፊቱ ሁሉ ቀይ ቀለም ነው፤ ዓይኑ ብቻ ይታያል። ከታቹ የክሎስተርማን የብረት አጥር አለ።

«ኮራ፣ እጅሽን ስጪኝ» አለኝ። በለሆሳስ ነው ያለኝ። ያን ድምፅ ከሠርጋችን ወዲህ አልሰማሁትም ነበር።

ተንበረከክሁ። ጎትቼ ላወጣው የምችል ይመስለኛል፤ ክንዴ ቆስሎም ቢሆን፣ ዊኒም እየመጣች ነበርና። እጁን አየሁት። ያንን እጅ እያንዳንዱን አንጓ አውቀዋለሁ። መፋቂያውን በሁለት እጄ ይዤ በሙሉ ኃይሌ አወረድኩበት።

ማንንም ስከላከል አልነበረም። እንዲወድቅ ፈልጌ ነው።

ይህን ወረቀት ለፈለጉት ይስጡት። ለፖሊስ ቢልኩት አልክድም። ሕይወቴን ላተረፈችኝ ሴት መዋሸት ስላቃተኝ ነው የጻፍኩት።

ኮሪንትያ

ፖይንት ኖር፣ ኖቬምበር 14 ቀን 1976

ለኮሪንትያ፤

ይህን በግራ እጄ ነው የምጽፈው፤ ፊደሉ ቢንጋደድ ታገሺኝ። አራት ቀን ፈጅቶብኛል።

ወረቀትሽን አንብቤ ምድጃ ውስጥ ጨመርኩት። ለሰው አሳየችው ብለሽ አትጨነቂ። ሌሊት ግን እንቅልፍ አልወስድ አለኝ፤ እሱን እያሰብኩ ነው ብልሽ እዋሻለሁ። እንቅልፍ የነሣኝ «ሕይወቴን ያተረፈችኝ ሴት» ያልሽው ነው።

ሮስኮ ከዚህ የወጣው መቼ እንደሆነ ጠይቀሽኝ አታውቂም። ማክሰኞ ጠዋት ነው። ጣቴን የሰበረው ማክሰኞ ጠዋት ነው፤ ገጀራውን ከግድግዳው ያወረደው፣ አውቶቡሱን የተሳፈረው ማክሰኞ ነው። ወዴት እንደሚሄድ አውቃለሁ። ስልኩ ኤውላሊ ቤት ነው፣ ከደጄ ስድሳ እርምጃ። ቁጥሩ በጸሎት መጽሐፌ ላይ አለ። የደወልኩት ሐሙስ ነው።

የዘገየሁት ጣቴ አሞኝ አይደለም። ሕመም አውቃለሁ፤ ሕመም አያስቀምጠኝም። ወጥ ቤት ወንበር ላይ ቁጭ ብዬ ነበር። ማክሰኞን ሙሉ፣ ረቡዕንም። ኤውላሊ በአጥሩ በኩል፣ «ዘልፊያ፣ ምን ሆነሻል?» ስትለኝ፣ «ምንም» አልኳት። ብደውል ፖሊሶች ጣቢያው ላይ ጠብቀው ይተኩሱበታል ብዬ ፈራሁ። ይህ አንዱ ነው። ሌላም አለ፤ እሱንም እጽፈዋለሁ። ምናልባት ይዟት ይመጣል ብዬ አሰብኩ። ደብድቦም ቢሆን። ሁለታችሁም በዚያ በር ስትገቡ ታየኝ፤ እኔም ቁስልሽን ሳጥብልሽ፣ «ያልፋል» ስልሽ። ለአንቺ ያሰብኩልሽ ያንን ነው።

ሐሙስ ጠዋት ተነሥቼ ግድግዳውን አየሁ። ገጀራው ከነበረበት ሁለት ምስማር ብቻ ቀርቷል። ገጀራ የሚይዝ ሰው ሚስቱን ይዞ ለመምጣት አይሄድም። ይህን ለማወቅ ሁለት ቀን ፈጀብኝ። ያኔ ነው የሮጥኩት፤ በዚህ ጉልበቴ።

አዳንሽኝ አትበይኝ። መልስ ባትጽፊልኝ ምክንያቱን አውቃለሁ።

ዘልፊያ

ሳን ፍራንሲስኮ፣ ፌብሩዋሪ 20 ቀን 1977

ለእማማ ዘልፊያ፤

ደብዳቤዎ የደረሰኝ ከኖቬምበሩ የምስጋና በዓል በፊት ነበር። ቀዳደድኩት። ከዚያ ቁርጥራጩን ለቅሜ በመሳቢያ አስቀመጥኩት። ሦስት ወር ሙሉ ለእርስዎ በልቤ ስጽፍ ከረምኩ፤ አብዛኛው ስድብ ነው።

ስለ ሁለቱ ቀን ይቅር ብያለሁ ማለት አልችልም። ብል ውሸት ነው። አንዳንድ ቀን ክንዴ ሲቀዘቅዝ ማክሰኞና ረቡዕን አስባለሁ፤ ወንበሩ ላይ ቁጭ ብለው አይዎታለሁ፤ ጥርሴን እነክሳለሁ። ስለ ሁለተኛው ምት ይቅር ይበሉኝ ብዬም አልጠየቅሁዎትም። እርስዎም አላሉኝም። እንደዚያው ይሁን።

ቤቱን ጨርሰነዋል። ሚስተር ክሎስተርማን ትከሻቸው ድኗል። የረገፈውን የዓሣ ቅርፊት ዳግም ልቀባ ስወጣ እግሬ እምቢ አለኝ፤ ዊኒ ከታች ሆና መሰላሉን ይዛ ግማሽ ቀን ጠበቀችኝ። ወጣሁ።

ዛሬ ጠዋት በሬዲዮ ሉዊዚያና ውርጭ መጥቷል ሲሉ ሰማሁ፤ ቧንቧ ሳይቀር ቀዝቅዟል አሉ። ይህን ወረቀት የጀመርኩት ለዚያ ነው። በዚያ እጅ እንጨት መፍለጥ አይችሉም። እትዬ ኤውላሊም አቅም የላትም። ማን ነው የሚፈልጥልዎት?

ይጻፉልኝ።

ኮሪንትያ